አየርን በቁጥር የመዘነው ሰው፦ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር

ከቀትር በኋላ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያንቀላፋ ካየን ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ቃል ሰነፍ የሚል ነው። ጥፋቱ ግን አንዳንዴ የልጁ ሳይሆን የአየሩ ነው። የክፍል አየር መበላሸቱን በቁጥር ለማወቅ መንገዱን ያሳየንን ሰው ታሪክ በዛሬው ዓምዳችን እናቀርባለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1818 በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ገጠር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ያሳደገው በሙኒክ ከተማ የቤተ መንግሥት መድኃኒት ቀማሚ የነበረው አጎቱ ነው። ወጣቱ ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ኮበለለና ለጥቂት ጊዜ የቲያትር ተዋናይ ሆነ። ኋላ ግን ወደ ትምህርቱ ተመልሶ በ1843 በሕክምና ተመረቀ፤ በ1847ም በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ሙኒክ ብርዷ ከባድ ነው። ማገዶ ደግሞ ገንዘብ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰው በብርዱ ወራት በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይቀመጣል። ሙቀቱስ ተጠበቀ፤ አየሩሳ? የፔተንኮፈር ጥያቄ ይኸው ነበር። በ1851 በምድጃ የሚሞቅን ክፍልና በሞቀ አየር የሚሞቅን ክፍል አወዳድሮ ጻፈ። በ1858 ደግሞ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ስላለው የአየር መለዋወጥ ታላቁን ጥናቱን አወጣ።

የዘዴው መነሻ ለእኛ ለመምህራን እንግዳ አይደለም። የኖራ ውሃ ላይ ስንተነፍስበት ወተት ይመስላል፤ ይህም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምልክት ነው። ፔተንኮፈር በዚህ ሳይወሰን የክፍሉን አየር በትልቅ ጠርሙስ እየያዘ የጋዙን መጠን በትክክል ለካ። ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጋዙ ከ1000 እጅ አየር ከ1 እጅ ማለፍ የለበትም ሲል ወሰነ። በዚህ መጠን ጋዙ ራሱ መርዝ ነው ማለቱ ግን አልነበረም። ከትንፋሽና ከገላ የሚወጣው ሌላው ነገር ለመለካት ስለሚያስቸግር፣ ጋዙን እንደ ምስክር ነው የቆጠረው። 70 ልጃገረዶች በሚማሩበት አንድ ክፍል ውስጥ ከ7 እጅ በላይ ተገኘ። ታዲያ እነዚያ ልጆች ቢያንቀላፉ ይፈረድባቸዋል?

ሌላም ነገር አስተዋለ። ውስጡ ሞቆ ውጭው ሲበርድ አየር በየስንጥቁ በብዛት ይለዋወጣል፤ ልዩነቱ ሲያንስ ግን ልውውጡም ይቀንሳል። ደግሞም ቆሻሻን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በነፋስ ለማስወጣት መድከም ከንቱ ነው፤ አስቀድሞ ቆሻሻው ይወገድ ብሎ ያስተምር ነበር።

መቼም የማይሳሳት ሰው የለም። ግድግዳ ራሱ ይተነፍሳል ማለቱን ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ውድቅ አድርገውታል። የባሰው ስሕተቱ የኮሌራ ነው። ሙኒክ ንጹሕ ውሃና የቆሻሻ መውረጃ እንዲኖራት ብዙ የደከመው ይህ ሰው፣ ጀርሙ ብቻውን ኮሌራን አያመጣም ብሎ ከሮበርት ኮኽ ጋር ተከራከረ። በ1892 በ73 ዓመቱ ጀርሙ ያለበትን ፈሳሽ በገዛ እጁ ጠጣ! በቀላል ተቅማጥ ተረፈ፤ ክርክሩን ግን አላሸነፈም። በ1901 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ቁጥሩ ግን አልሞተም። ዛሬ በብዙ ትላልቅ የቢሮና የንግድ ሕንፃዎች ውስጥ ይህንኑ ጋዝ የሚለካ መሣሪያ አለ። ሰው ሲበዛ ማራገቢያው ይበረታል፤ ሰው ሲወጣ ይቀንሳል፤ በዚህም ኤሌክትሪክና ሙቀት በከንቱ አይባክንም። መሣሪያው የሚስተካከልበት ልክም ብዙውን ጊዜ ከፔተንኮፈር አንድ በሺህ እምብዛም አይርቅም። ቁጠባና ንጹሕ አየር እንግዲህ ጠላቶች አይደሉም፤ የሚያስታርቃቸው መለካት ነው።

እኛስ? መሣሪያው ባይኖረንም አፍንጫ አለን። ከውጭ ገብተን ክፍሉ ከሸተተን አየሩ ረክሷል ማለት ነው፤ ውስጥ የቆየ ሰው ግን ስለለመደው አይታወቀውም። በየዕረፍቱ በሁለቱም ወገን ያሉትን መስኮቶች እንክፈት። ነገ ክፍል ስንረከብም ልጁን ሰነፍ ከማለታችን በፊት መስኮቱን እንይ።