ጃክ ባሪ፦ ዕድልን ለጨዋታው ዳኛ ያደረገው ሰው

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንደሮች እራት ተበልቶ በምድጃው ዳር ወግ ሲጀመር ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ሕጉ አጭር ነው። አንዱ እንቆቅልህ ይላል፤ ሌላው ምን አውቅልህ ብሎ ይቀበላል። መልሱን ያላወቀ ሀገር ይሰጣል። ንፋስ መውጫን የሚሰጥ አለ፤ ወገዳን የሚሰጥ አለ፤ ጠያቂው አልበቃኝም ካለ መካነ ኢየሱስም ትጨመራለች። ጠያቂው የተሰጠውን ሀገር ተቀብሎ፣ ጥቂት ፎክሮ፣ መልሱን ይናገራል። ይህ ሁሉ ግን የሚቆመው ማንም በቃል በማይናገረው አንድ ሕግ ላይ ነው። ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ ለአንዱ ሹክ ካለ ሀገር መስጠቱም መቀበሉም ትርጉም ያጣል።

ይህ ሕግ በሚሊዮኖች ዓይን ፊት ሲፈርስ መድረኩን ይመራ የነበረ፣ በዚያም ምክንያት ከታላላቅ ጣቢያዎች ለዓመታት የራቀ፣ በመጨረሻም የቁማር ማሽን መስሎ በተሠራ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ወደ አደባባይ የተመለሰ ሰው ነበር። አሜሪካዊው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰው ጃክ ባሪ ነው። ከዚህ ዓለም የተለየው ሚያዝያ 24 ቀን 1976 ዓ.ም ነበር።

ባሪ እ.አ.አ መጋቢት 20 ቀን 1918 ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ በሎንግ አይላንድ፣ ሊንደንኸርስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ባራሽ ነበር፤ ባሪ የተባለው በኋላ ነው። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በታወቀው የዋርተን የንግድ ትምህርት ቤት ተምሮ ቢመረቅም ልቡ ያደላው ወደ ሬዲዮ ነበር። በኒው ዮርኩ ደብሊው ኦ አር የሬዲዮ ጣቢያ ሳለ ዳን ኤንራይት ከሚባል አዘጋጅ ጋር ተዋወቀ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ስም ተለያይቶ የተጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኤንራይት ከመጋረጃው በስተጀርባ ያቅዳል፤ ባሪ ደግሞ በመልከ መልካም ፊቱና በለስላሳ አንደበቱ መድረኩን ይመራል።

የመጀመሪያው ዝናው ከልጆች ጋር የተያያዘ ነው። እ.አ.አ በ1946 የጀመረው የልጆች ችሎት ዝግጅት ሕፃናትን እንደ ዳኛ አስቀምጦ በሌሎች ልጆች ችግር ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ ያደርግ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በተቃራኒው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን አረጋውያን ሰብስቦ የሚያጫውት ዝግጅት ከፈተ። እ.አ.አ በ1953 ደግሞ ዊንኪ ዲንክ የተባለ የሥዕል ገጸ ባሕርይ ይዞ ቀረበ። ልጆች በፖስታ አስመጥተው በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ በሚለጥፉት ስስ ፕላስቲክ ላይ በእርሳስ ቀለም እየሣሉ ገጸ ባሕርይውን ከችግር ያወጡታል፤ ወንዝ ሲያጋጥመው ድልድይ ይሠሩለታል። ፕላስቲኩ የሌላቸው ልጆች በመስታወቱ ላይ በቀጥታ እየሣሉ ወላጆቻቸውን ማስቆጣታቸው ሳይዘነጋ፣ ተመልካቹን በጨዋታው ውስጥ ያስገባ ቀዳሚ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሰውየው የጨዋታ ሕግ የማውጣት ተሰጥኦ እንደነበረው ይህ ብቻ ይመሰክራል።

መስከረም 1956 እ.አ.አ ሃያ አንድ የተሰኘው ውድድር በኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ሁለት ተወዳዳሪዎች ድምፅ በማያስገቡ ሁለት የመስታወት ክፍሎች ይቆማሉ፤ አንዱ የሌላውን ነጥብ አያውቅም። ባሪ የጥያቄውን ዘርፍ ይጠራል፤ ተወዳዳሪው ከ1 እስከ 11 ባለው ነጥብ የጥያቄውን ክብደት ራሱ ይመርጣል። ከመለሰ ነጥቡ ይጨመርለታል፤ ከሳተ ይቀነስበታል፤ ቀድሞ 21 የሞላ ያሸንፋል። በሁለቱ መካከል ያለው እያንዳንዱ የነጥብ ልዩነት 500 ዶላር ያወጣል፤ እኩል ከወጡ ግን እንደገና ይጋጠሙና የነጥቡ ዋጋ በ500 ያድጋል።

ሕጉ በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። በተግባር ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች አዋቂ ካልሆኑ የሚያሳየው ነገር የለውም። በትምህርት ቤት አዳራሽ የጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጀ መምህር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥያቄው በዝምታ ሲያልፍ፣ ነጥቡም ከዜሮ ፈቀቅ ሳይል ሲቀር ታዳሚው ማዛጋት ይጀምራል። በመጀመሪያው የሃያ አንድ ሥርጭት የሆነው ይኸው ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄዎቹን በተከታታይ ሳቱ። የዝግጅቱን ወጪ የሚሸፍነው ጄሪቶል የተባለውን መድኃኒት የሚያመርተው ኩባንያ ተቆጣ። ኤንራይት ሕጉን ማሻሻል ይችል ነበር፤ የመረጠው ግን ውጤቱን አስቀድሞ መጻፍን ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውም መልሱም ለተወዳዳሪዎች ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ኸርበርት ስቴምፕል የተባለ የኮሌጅ ተማሪ መቼ ላቡን እንደሚጠርግ፣ መቼ እንደሚያመነታ ሳይቀር ተነገረው፤ ደሃ እንዲመስልም ልኩ ያልሆነ ልብስ ለበሰ። ሳምንታት ካሸነፈ በኋላ ግን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበረው በቻርልስ ቫን ዶረን እንዲሸነፍ ታዘዘ። እንዲስት የተነገረው ጥያቄ እ.አ.አ በ1955 የኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልም የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። መልሱ ማርቲ ነው፤ ስቴምፕል ፊልሙን አይቶታል፤ እጅግም ይወደው ነበር። በኅዳር 1949 ዓ.ም መጨረሻ በባሪ ፊት ቆሞ የሚያውቀውን መልስ ሳተ። ቫን ዶረን በሀገሪቱ ሁሉ ስመ ጥር ሆኖ 129 ሺህ ዶላር ወሰደ።

ምስጢሩ የወጣው እ.አ.አ በ1958 የበጋ ወራት ነበር። በመጀመሪያ ሌላ ተመሳሳይ ዝግጅት ተጋለጠ፤ ከዚያም የስቴምፕል ክስ ሰሚ አገኘ፤ በጥቅምት ሃያ አንድ ከአየር ወረደ። በኒው ዮርክ የምርመራ ጉባኤ ፊት ከቀረቡት ብዙዎቹ በሐሰት መሰከሩ። ቫን ዶረን ግን ኅዳር 2 ቀን 1959 እ.አ.አ በተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሁሉንም ተናዘዘ። የሚገርመው በጊዜው የቴሌቪዥን ውድድርን ውጤት አስቀድሞ ማቀናበር በሕግ የተከለከለ አልነበረም፤ የተቀጡት በሐሰት በመማላቸው ብቻ ነው። ክልከላው በሕግ የገባው በዓመቱ፣ እ.አ.አ በ1960 ነበር።

ባሪ አልታሰረም። የደረሰበት ቅጣት በሩ መዘጋቱ ነው። ሰዎችን ያሠለጠኑት ኤንራይትና ረዳቶቹ ቢሆኑም በየሳምንቱ ጥያቄውን እያነበበ እንደማያውቅ የተደነቀው እሱ ነበረና ሕዝቡ የሚያስታውሰው የእሱን ፊት ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሙያው የነበረውን ነገር ሁሉ አጣ። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በትንንሽ ሥራዎች ዓመታት ገፋ። በ1960ዎቹ መገባደጃ በሬዶንዶ ቢች አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ ገዛ፤ ዋናው ዓላማው ትርፍ አልነበረም። ጣቢያ ለመያዝ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ከተሰጠው ታላላቆቹ ጣቢያዎች የሚታመን ሰው አይደለም ሊሉት አይችሉም። እ.አ.አ በ1969 ኤ ቢ ሲ ለጥቂት ጊዜ መድረክ ሰጠው።

በእነዚሁ ዓመታት አንድ የጨዋታ ሐሳብ ይዞ ይዞር ነበር። የሐሳቡ መነሻ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሳን ፍራንሲስኮ በባቫሪያ ተወላጁ ቻርልስ ፌይ የተሠራው ባለ ሦስት መንኮራኩር የቁማር ማሽን ነው። እጀታው ሲሳብ ሦስቱ ይዞራሉ፤ ሲቆሙም የተመሳሰለ ምስል ካወጡ ይከፍላሉ። ባሪ በመንኮራኩሮቹ ላይ በፍራፍሬና በደወል ምስል ፈንታ የጥያቄ ዘርፎችን አኖረ። ሙከራዎቹ ተቀርጸው ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲ ቢ ኤስ ተቀበለው፤ መስከረም 4 ቀን 1972 እ.አ.አ፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1964 ዓ.ም፣ ጨዋታው ዘ ጆከርስ ዋይልድ በሚል ስም ተጀመረ። መድረኩን የሚመራውም ራሱ ባሪ ነበር።

ሕጉ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። ለአንድ ጨዋታ አምስት የጥያቄ ዘርፎች ይቀርባሉ። ተወዳዳሪው ትልቁን እጀታ ሲስብ ሦስቱ መስኮቶች ይዞራሉ፤ በእርግጥ ከመስኮቶቹ በስተጀርባ የነበሩት መንኮራኩሮች ሳይሆኑ የስላይድ ማሳያ ፕሮጀክተሮች ናቸው። አንድ ዘርፍ አንድ ጊዜ ብቻ ከወጣ ጥያቄው 50 ዶላር ያወጣል፤ ሁለት ጊዜ ከወጣ 100፤ በሦስቱም ከወጣ 200። ጆከር ሲወጣ፣ ካርታ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በፈለጉት ይተካል። ታሪክና ሁለት ጆከር ያገኘ ሰው በታሪክ የ200 ዶላር ጥያቄ ይጠየቃል። ከሳተ ተጋጣሚው መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ስለዚህ ተራው ያልደረሰውም ሰው ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። 500 ዶላር የደረሰ ያሸንፋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የጀመረው ቀድሞ ቢደርስ ሁለተኛው እኩል ተራ እንዲያገኝ አንድ ጊዜ ይስባል።

ከሁሉም ይልቅ የሰላው ሕግ የሦስቱ ጆከር ነው። ሦስት ጆከር ያወጣ ሰው ከአምስቱ ዘርፎች የወደደውን መርጦ አንድ ጥያቄ ከመለሰ፣ ምንም ያህል ወደ ኋላ ቢቀር፣ ጨዋታውን እዚያው ያሸንፋል። አንዱ 450 ዶላር ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ቢሆን እንኳ ተመልካቹ ከወንበሩ አይነሳም። በሃያ አንድ ላይ ኤንራይት በድብቅ የሠራውን የልብ ምት እዚህ የሠራው እጀታው ነው። የጥያቄውን ዋጋ ተወዳዳሪውም አዘጋጁም አይወስኑትም። ጥያቄዎቹ ለብዙ ሰው የሚመለሱ እንዲሆኑም ተደርጎ ነበርና የዝምታው አደጋ ቀለለ።

በኋለኞቹ ዓመታት አሸናፊው በመጨረሻ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። አሁን በመስኮቶቹ የሚወጣው የገንዘብ መጠን ነው፤ በመካከሉም ሰይጣን ተደብቋል። ድምሩ 1,000 ዶላር ሲሞላ ተጨማሪ ሽልማት አለ፤ ሰይጣኑ ከወጣ ግን በዚያ ዙር የተሰበሰበው ይጠፋል። ተወዳዳሪው በቃኝ ብሎ ያገኘውን ይዞ መሄድ ይችላል። ዕውቀት እዚህ አይጠየቅም፤ የሚታየው የሰው መጎምጀት ብቻ ነው።

በታች ጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ይህን ቢሰማ ሊስቅ ይችላል። በዚያ የሊቃውንት ጉባኤ ቤት ለዓመታት ያጠኑትን ዜማ በመምህሩ ፊት ያደርሱታል፤ የዘለሉትን የሚሸፍን ጆከር የለም። በባሪ ማሽን ፊት ግን ሌሊቱን ሲያነብ ያደረው ሰው በሦስት ምስሎች ይሸነፋል። ይህ ነቀፋ እውነት ነው። ሆኖም ሃያ አንድ የዕውቀት ፈተና ነኝ እያለ ተውኔት ነበር፤ ጆከሩ ግን እኩሌታዬ ዕድል ነኝ ብሎ በግልጽ ተነሣ። ተመልካቹ ያየው ያንኑ የተባለውን ነው።

ሲ ቢ ኤስ ጨዋታውን ሰኔ 13 ቀን 1975 እ.አ.አ አቆመው። የቆዩት ሥርጭቶች ግን በድጋሚ ሲታዩ ተመልካች በማግኘታቸው እ.አ.አ በ1977 አዲስ ዝግጅት ለየአካባቢው ጣቢያዎች ይሸጥ ጀመር። ኤንራይትም ተመልሶ ሁለቱ እንደገና በአንድ ስም መሥራት ጀመሩ። የቀድሞ ሥራቸውን ቲክ ታክ ዶን ዳግም ከፈቱት፤ እ.አ.አ በ1980 ቶም ማኪ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በዚያ ውድድር ከ300 ሺህ ዶላር በላይ አሸንፎ በጊዜው ክብረ ወሰን ያዘ። ባሪ ደግሞ የጆከሩን የልጆች ዝግጅት በራሱ መርቶ ሥራውን ከጀመረባቸው ሕፃናት ጋር ለሁለት ዓመታት ተገናኘ።

በ66 ዓመቱ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የሩጫ እንቅስቃሴ ካደረገ በኋላ ልቡ ቆመ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር አንጋፋው ቢል ከለን ቦታውን ተረከበ፤ እጀታውም እስከ 1986 እ.አ.አ ድረስ መሳቡን ቀጠለ።