ገርማሜ ነዋይ፦ ህልመኛ ወይስ «ሳይንሳዊ»?

መርካቶ ዳር ያለውን ተክለሃይማኖት አደባባይ ስንቴ በታክሲ አልፈነዋል! መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የተሰቀለው እዚያ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የመፈንቅለ መንግሥቱ ጭንቅላት ስለነበረው ገርማሜ።

ገርማሜ የመኳንንት ዘር ነው። ኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት ተምሮ አሜሪካ ሄደ፤ ዊስኮንሲን ቆይቶ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ያዘ። የመመረቂያ ጥናቱ ስለ ኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች ነበር። መሬቱን ስለተነጠቀ ሕዝብ ማለት ነው።

አገር ቤት ተመልሶ ወላይታን እንዲያስተዳድር ተሾመ። መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀመረ። በዚያ ዘመን እኮ ይሄ እብደት ነው! ባለመሬቶቹ ቤተ መንግሥት ሄደው ከሰሱት፤ ወዲያው ወደ ጅጅጋ ተዛወረ።

በ1880 እ.ኤ.አ. ኤንግልስ የጻፈውን እዚህ ጋ እናምጣው። እነ ሮበርት ኦወን ጥሩ ሥራ ሠርተው በማሳየትና ባለሥልጣንን በመለመን ዓለም ትቀየራለች ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህን «ህልመኛ» ሶሻሊዝም አለው። «ሳይንሳዊ» የሚባለው ደግሞ ለውጡን ከመደብ ትግል ይጠብቃል። የወላይታው ገርማሜ የመጀመሪያውን ይመስላል። ከጅጅጋ በኋላ ግን ልመናው ቀረና መሣሪያ መጣ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ብራዚል እያሉ፣ የክብር ዘበኛ ከተማዋን ያዘ። ተማሪው ደግፎ ሰልፍ ወጣ። ገበሬው ግን የሰማው ነገር የለም። አዋጁም ዘውዱን አልነካም፤ አልጋ ወራሹ በደመወዝ ይነግሣል፣ ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ነው የሚለው። ታዲያ ይሄ ከየትኛው ይመደባል? እኛ ከሁለቱም አንመድበውም።

ጦሩ ሲያጠቃቸው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያገቷቸውን ሹማምንት ተኩሰው ገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ ናቸው። ስለ ገርማሜ መልካምነት ሲወራ ይሄ አብሮ መነሳት አለበት። ገርማሜ ሸሽቶ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞተ፤ ሬሳው አዲስ አበባ መጥቶ ተሰቀለ።

ከ14 ዓመት በኋላ ደርግ መጣ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ላይ «ኅብረተሰባዊነት» ብሎ አገር በቀል ሶሻሊዝም አወጀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሆነ፤ ገርማሜ በአንድ አውራጃ የሞከረው በመላ አገሪቱ ማለት ነው። ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ነው የተባለው ግን ሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ላይ ነው። ልብ በሉ፣ መሬቱ የታደለው ሳይንሱ ከመታወጁ በፊት ነው! የወሰኑትም እንደ 1953ቱ ጥቂት መኮንኖች ናቸው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። መርካቶ ውስጥ እስካሁን «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።