ማሞ ወልዴ

ማሞ ወልዴ (ሰኔ 5 ቀን 1924 – ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ወታደር፣ የኮሪያ ዘማችና የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ነበር።

የተወለደው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአድአ አካባቢ በምትገኘው ድሬ ጂሌ መንደር ነው። በወጣትነቱ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ከተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት ጋርም ኮሪያ ዘምቶ ተመለሰ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልበርን ኦሊምፒክ (1949 ዓ.ም.) በ800ና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ።

ታላቁ ድሉ የተገኘው በሜክሲኮ ከተማ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ናፍታሊ ቴሙን ተከትሎ የብር ሜዳልያ አገኘ። ከሳምንት በኋላ በማራቶኑ አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ፣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። ሁለተኛውን በ3 ደቂቃ ያህል ስለቀደመ ኢትዮጵያ በማራቶን ለ3ኛ ተከታታይ ጊዜ ወርቅ አገኘች። በ40 ዓመቱም፣ በ1964 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሙኒክ ማራቶን ነሐስ ወሰደ።

በ1985 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ከተፈጸመ የአንድ ወጣት ግድያ ጋር በተያያዘ ታሰረ። አልገደልኩም በማለት ክሱን ቢክድም፣ ፍርድ ሳያገኝ ዓመታትን በእስር አሳለፈ። በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ 6 ዓመት ተፈረደበት፤ የታሰረበት ጊዜ ከቅጣቱ ስለሚበልጥ ወዲያው ተፈታ። ከጥቂት ወራት በኋላ በጉበት ካንሰር አረፈ፤ አበበ ቢቂላ ባረፈበት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።