ማይክል ፋራዴይና የከሰል ብናኝ

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በለንደን አጠገብ ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። ብዙ ሳይማር በ14 ዓመቱ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ሙያ ይለማመድ ጀመር። ሊጠረዙ የሚመጡትንም መጻሕፍት እያነበበ ዕውቀት ገበየ። በ1813 የታወቀው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ረዳቱ አድርጎ ወሰደው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዴቪ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ የማያቀጣጥል ፋኖስ ሲሠራ፣ ፋራዴይ አብሮት ደከመ። በ1831 በማግኔት አማካይነት ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል በማሳየቱ ስሙ በዓለም ተጠራ።

በ1844 በሰሜን እንግሊዝ በሐዝዌል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 95 ጎልማሶችና ልጆች አለቁ። መንግሥትም ፋራዴይንና የሥነ ምድር ሊቁን ቻርልስ ላይልን ለምርመራ ላከ። ፋራዴይ በጉድጓዱ ውስጥ የሚያልፈው አየር ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ ጠየቀ። አንዱ ተቆጣጣሪ ቁንጥር ባሩድ በሻማ ነበልባል ላይ በትኖ፣ ጢሱ የሚጓዝበት ጊዜ በሰዓት ሲቆጠር አሳየው። ፋራዴይ ባሩዱ የት እንደሚቀመጥ ቢጠይቅ፣ ከረጢቱ እርሱ ራሱ የተቀመጠበት መሆኑ ተነገረው። ቸልተኝነቱ እስከዚህ ድረስ ነበር።

ፋራዴይ በምሰሶዎቹና በግድግዳዎቹ ላይ በእሳት ተለብልቦ የተጋገረ የከሰል ብናኝ አየ። ፍንዳታውን የጀመረው ጋዝ ቢሆንም፣ ከወለሉ የተነሣው ብናኝ በአየር ላይ ተቀጣጥሎ እሳቱን እንዳባባሰው ተረዳ። ግንድ ቀስ ብሎ ሲነድ ፍቅፋቂው ቦግ እንደሚል ሁሉ፣ ከሰልም ደቅቆ ከአየር ጋር ሲደባለቅ በቅጽበት ይነዳል። በወፍጮ ቤት የሚበነው ዱቄት እንኳ እንዲሁ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ብናኙ የጻፈውን ግን ለብዙ ዘመን ልብ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ። ፋራዴይ በ1867 ሞተ። በ1906 በፈረንሳይ በኩሪየር ማዕድን በደረሰው የብናኝ ፍንዳታ 1,099 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ ምርምሩ ተጠናከረ፤ ብናኙን መጥረግ፣ በውሃ ማራስና የደቀቀ የኖራ ድንጋይ በላዩ መበተን በብዙ አገሮች ተለመደ። ፍንዳታ ሲነሣ የድንጋዩ ዱቄት ከከሰሉ ጋር አብሮ ተነሥቶ ሙቀቱን ስለሚወስድ ነበልባሉ ይከስማል። ፋራዴይ የብናኙን አደገኛነት ካመለከተ 62 ዓመት አልፎ ያ ሁሉ ሕዝብ ማለቁ፣ ዕውቀት በሥራ ላይ ካልዋለ ሕይወት እንደማያድን ያስረዳል።

ጥያቄዎች
1. ፋራዴይ ብናኙ እሳቱን እንዳባባሰ የተረዳው ከምን ተነሥቶ ነው?
2. የኖራ ድንጋይ ዱቄት ፍንዳታን የሚገታው እንዴት ነው?
3. «ገበየ»፣ «ተለብልቦ» እና «ይከስማል» በሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።