ኦነሲሞስ ነሲብና የነቀምቴው ትምህርት ቤት

ከሁሩሙ እስከ ቴፒና ሚዛን ተፈሪ የሚዘረጋው የደን ቡና አገር ለኢትዮጵያ ካበረከታቸው ሰዎች አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ይባል ነበር። በዚያን ዘመን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ የሚጋዘው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር ስለነበረ፣ በልጅነታቸው በባሪያ ነጋዴዎች ተጠልፈው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ምጽዋ ላይ ነፃ አውጥቶ በእምኩሉ ለሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስረከባቸው።

ኦነሲሞስ ፊደል የቆጠሩት እንግዲህ መንግሥት ባላቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያስገባው መንገድ ለብዙ ዓመታት ስለተዘጋባቸው ጊዜውን መጻሕፍት በማዘጋጀት አሳለፉት። በዚህም ሥራ፣ እርሳቸውም ከሊሙ ወደ ባርነት ተወስደው በ1886 ነፃ የወጡት አስቴር ገኖ ታላቅ ረዳት ሆኑላቸው። የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894፣ ሙሉው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ደግሞ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ወለጋ ሲገቡ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1908 መሆኑን ስናስታውስ የሥራውን ቀዳሚነት እንረዳለን። ይሁን እንጂ በአገሬው ቋንቋ የሚያስተምሩት መምህር ብዙ ተከታይ ማግኘታቸው ካህናቱን ስላሳሰበ በ1906 ተከሰሱ። አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን ሽረው፣ እንዳይሰብኩ በማስጠንቀቅ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ። ኦነሲሞስ በማስተማር ብቻ ተወስነው፣ የስደት ሥጋት ሳይለያቸው ዐሥር ዓመት ቆዩ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቁም ነገር አለ። የነቀምቴው ትምህርት ቤት በአንድ ገዥ በጎ ፈቃድ ተከፈተ፤ በሌላ ባለ ሥልጣን ፍርድ ሊዘጋ ጥቂት ቀረው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ተረፈ። የቆመበት መሠረት ሕግ ሳይሆን የሰው ፈቃድ ነበረ። ፈቃድ ደግሞ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል፤ በ1975 በአገራችን በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ ወደ ሕዝብ ይዞታ መዛወራቸው ለዚህ ምስክር ነው።

በ1966 የጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ግለሰቦችና ድርጅቶች ትምህርት ቤት የማቋቋምና የመምራት ነፃነት እንዳላቸው ደንግጓል፤ መንግሥትም የትምህርቱን ዝቅተኛ ደረጃ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቷል። ዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ሁለቱንም ይሻል። የመንግሥት ቁጥጥር ተማሪውን ከደካማ ትምህርት ሲጠብቀው፣ የመሥራቾቹ ነፃነት ደግሞ መንግሥት ያላሰበውን ቋንቋና ያልደረሰበትን ልጅ ወደ ትምህርት ገበታ ያቀርባል።

ኦነሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 1931፣ በነቀምቴ ሲያገለግሉ ኖሩ። በሕግ ያልተረጋገጠላቸውን መብት በትዕግሥትና በሥራ ጠብቀው ለተተኪዎቻቸው አስረክበዋል።