ዐፄ ፋሲለደስና የሮማውያን ኖራ

በሀርሺን ወንዝ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ቢርካ እንዲገባ ይደረጋል፤ ሰውም ከብቱም እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ የሚጠጣው ከዚያ ነው። የቢርካው ግድግዳ በድንጋይ ተገንብቶ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ልስኑ ከተሰነጠቀ ግን ውኃው ወደ መሬት ሰርጎ ይጠፋል፤ የባለቤቱም የወራት ተስፋ አብሮ ይሰርጋል። ድንጋይን ከድንጋይ የሚያጣብቅ፣ ውኃንም የሚይዝ ነገር ለእኛ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ይህን ጥበብ በአገራችን በሰፊው ስላሠሩበት ስለ ዐፄ ፋሲለደስ በዚህ የትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሔት ላይ ጥቂት ልጽፍ አሰብሁ።

የጥበቡን ምንጭ ለማግኘት ወደ ጥንት ሮማ መሄድ ያስፈልጋል። ሮማውያን የኖራ ድንጋይን በእቶን ያቃጥሉና ውኃ ያፈሱበት ነበር፤ ከዚያም ከአሸዋ ወይም ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ይለውሱታል። አመዱ የተጨመረበት ኖራ ውኃ ውስጥ እንኳ ገብቶ ይጠነክራል። ቅስትንም መጀመሪያ የፈጠሩት እነርሱ ባይሆኑም በታላላቅ ሥራ ላይ ያዋሉት እነርሱ ናቸው። የቅስት ምስጢር እንዲህ ነው፤ እንደ ሽብልቅ የተጠረቡ ድንጋዮች በእንጨት ድጋፍ ላይ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ መካከለኛው ድንጋይ ከላይ ሲገባ ድጋፉ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙ ራሱ ድንጋዮቹን እርስ በርሳቸው እያጣበቀ ያቆማቸዋል። ወደ ኒም ከተማ ውኃ ለማሻገር በደቡብ ፈረንሳይ የተሠራው የጋር ድልድይ 49 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ባለ ሦስት ደርብ ቅስት ሲሆን፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አልፎት ዛሬም ቆሟል።

ሮማውያን ፖርቱጋልን ገዝተው ስለ ነበር ጥበቡ በዚያ ቀረ። ፖርቱጋሎችም በተራቸው በሕንድ አገር ጎዋን ይዘው በኖራ ገነቡ፤ ሕንዶቹ ራሳቸውም ኖራና ቅስት የሚያውቁ ግንበኞች ነበሩ። በእኛ አገር በአክሱም ከጡብ የተሠራ ቅስት ያለው ጥንታዊ መቃብር ቢኖርም፣ ጥበቡ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቶ አልቀጠለም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1613 ዓ.ም. ገደማ፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ተገኘ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በጢስ ዓባይ አጠገብ በዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ይህ ሁሉ የሆነው ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ተሰሚነት ባገኙበት ጊዜ ነው።

ፋሲለደስ የሱስንዮስና የእቴጌ ሥልጣን ሞገሳ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም በ1596 ዓ.ም. ገደማ በቡልጋ ነው። አባታቸው የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባዘዙ ጊዜ አገሩ በአመፅ ተናወጠ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ከላስታ የመጣው የገበሬ ሠራዊት ተሸነፈ፤ የሞቱትም ስምንት ሺህ ነበሩ ይባላል። ልጅየው አባታቸውን በሬሳው መካከል እየመሩ የወደቁት የገዛ ወገኖቻቸው ክርስቲያኖች መሆናቸውን አሳዩአቸው ተብሎ ይነገራል። ሱስንዮስም ብዙ ሳይቆዩ እያንዳንዱ የአባቱን ሃይማኖት እንዲይዝ ዐዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ።

ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ ተብለው ነገሡ። የተዋሕዶን ሃይማኖት ወደ ቦታው መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑንም መጀመሪያ ወደ ትግራይ፣ ወደ ፍሬሞና ሰደዱ፤ በ1626 ዓ.ም. ደግሞ ከአገር አስወጡ። በ1630 ዓ.ም. አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ተገደሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግሁት ለእኔ ይህን ምዕራፍ ማንበብ ቀላል አይደለም። ብዙ ደም ያየ አገር ሰላም መፈለጉን እረዳለሁ፤ ምንም መሣሪያ ያልያዙ ሁለት መነኮሳትን መግደል ግን ለሰላም ያስፈልግ ነበር ለማለት አልችልም።

የሚያስደንቀው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ይዘው የመጡትን ሲያባርሩ የሮማን ኖራ አላባረሩም። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ፤ በዚያም በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ ከነጉልላቱ ያለውን ትልቁን ግንብ አሠሩ። በ1640 ዓ.ም. ገደማ ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ተደንቋል፤ የግንበኞቹም አለቃ ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። እንግዲህ የክርስቲያን ንጉሥ ግንብ በሕንድ ሰው እጅ ተሠርቶ በእስላም መልእክተኛ ብዕር ተመሰገነ ማለት ነው። ግንቡና በአጥሩ ውስጥ ያሉት ሕንጻዎች በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ።

እኔን ከግንቡ ይልቅ የሚማርከኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው፣ በስማቸው የሚጠራው መዋኛ ነው። ከቀሐ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውኃ በግንብ የታጠረውን ገንዳ ይሞላዋል፤ ባለ ደርቡ ቤትም በቅስቶች ላይ ቆሞ ወደ ውኃው ይመለከታል። በየዓመቱ ለጥምቀት ይሞላና ሕዝቡ ይባረክበታል። በእኛ ዐይን ቢታይ ትልቅ ቢርካ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ጎርፍን የሚጠብቅ፣ የእርሳቸው ግን ወንዝ የሚቀዳለት መሆኑ ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1660 ዓ.ም. ዐርፈው በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ተቀበሩ። በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ላይ ያለውና በስማቸው የሚነገረው ባለ ብዙ ቅስት ድልድይ ግን ከእርሳቸው በኋላ ብዙ አየ። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የኢጣልያ ጦር እንዳይሻገር አርበኞች መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት። ሮማውያን ያስፋፉት ጥበብ ራሳቸውን የሮማ ወራሾች ነን የሚሉትን ሰዎች ለማገድ ፈረሰ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የጎጃምና የበጌምድር ሰው ገበያውንና ዘመዱን ለማግኘት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በዚህና በዚያ ወገን በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተተ ከገደሉ በላይ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ፤ ያንንም ጎርፍ ወሰደው። ኋላ ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ፤ ከጥንቱ ድልድይ የተረፉት ቅስቶችም በኖራቸው እንደ ተያያዙ በወንዙ ላይ ቆመዋል።