የዐፄ ምኒልክ የትውልድ ቍጥር

ልጆች ሆይ፤ በቀድሞ ዘመን በአማራ አገር ርስት የሚሻ ሰው አስቀድሞ አባቶቹንና እናቶቹን ይቈጥር ነበር። ምድሪቱን በመጀመሪያ እስከ ያዘው አባት ድረስ ቍጥሩን ካላደረሰ ከመሬቱ ድርሻ አያገኝም ነበር። ስለዚህ ሽማግሎች የትውልድን ቍጥር ለልጆቻቸው በቃል ያስጠኑ ነበር። ይህ የርስት ሥርዓት በ1967 ዓመተ ምሕረት በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቀረ።

የነገሥታትም ትውልድ እንዲሁ ይቈጠራል። ዐፄ ምኒልክ የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ናቸው። ኃይለ መለኮት የሣህለ ሥላሴ፥ ሣህለ ሥላሴ የወሰን ሰገድ፥ ወሰን ሰገድ የአስፋ ወሰን፥ አስፋ ወሰን የአምኃ ኢየሱስ፥ አምኃ ኢየሱስ የአብዬ፥ አብዬ የሰብስቴ፥ ሰብስቴም የነጋሢ ልጅ ነው። ነጋሢ የመንዝ ሰው ሲሆን የሸዋን ነገሥታት ቤት የመሠረተ ነው። ከእርሱም በላይ ቍጥሩ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ እስከ አቤቶ ያዕቆብ ይደርሳል ይባላል። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ግን በግቢ የሚያገለግሉ ድኻ ሴት እንደ ነበሩ ይነገራል።

ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓመተ ምሕረት በአንጎለላ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆን፥ በ1848 ዓመተ ምሕረት፥ አባታቸው ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስም ሸዋን ይዘው ሕፃኑን ማርከው ወሰዱ። በመቅደላ አምባ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ነገር ግን ወደ አባታቸው አገር ይሄዱ ዘንድ አልፈቀዱም።

በ1857 ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር ምኒልክ በሌሊት ከአምባው አምልጠው ወደ ወሎ ሸሹ። በዚያች ሌሊት ስምንት አባቶችን መቍጠር ከሚያሳድድ ፈረሰኛ አያድንም ነበር። በወሎ ግን ወይዘሮ ወርቂት የሚባሉ ገዥ ነበሩ። እኒህ ሴት በዘርም በሃይማኖትም ከምኒልክ ቤት አልነበሩም፤ ልጃቸውም በመቅደላ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ቴዎድሮስ ምኒልክ ወደ ወርቂት እንደ ደረሱ ባወቁ ጊዜ እጅግ ተቈጥተው ያን ልጅ አስገደሉት። የእናቲቱ ኀዘን ከባድ ነበረ፤ ሆኖም ምኒልክን አልጐዱአቸውም፥ በደኅና ወደ ሸዋ ሰደዱአቸው እንጂ።

ከዚህ በኋላ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆኑ። በ1879 ዓመተ ምሕረት ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አዲስ አበባን ቈረቈሩ። በ1882 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት በዐድዋ የኢጣልያን ጦር ድል አደረጉ። በእርሳቸው ፈቃድ የተጀመረውም የምድር ባቡር በእኛ በአቃቂ በኩል አልፎ በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ገባ። እርሳቸው ግን ይህን ሳያዩ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓመተ ምሕረት ዐርፈው ነበር።

የምኒልክን ትውልድ የሚቈጥር ሰው የወይዘሮ ወርቂትን ስም በዚያ አያገኝም። ነገር ግን ያች እናት በኀዘንዋ ጊዜ ጨክና ቢሆን ኖሮ ምኒልክ ወደ አባታቸው ዙፋን ባልደረሱም ነበር።

የአቃቂ ወንዝ ወደ አዋሽ ሲወርድ ስሙ አንድ ነው፤ ውኃው ግን ስማቸውን ከማናውቃቸው ከብዙ ምንጮች የተሰበሰበ ነው። የሰውም ሕይወት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ የአባቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን ስም አጥኑ። ከዘራችሁም ሳይሆኑ መልካም ያደረጉላችሁን ሰዎች ከእነርሱ ጋር ጨምራችሁ ቍጠሩ።